ከመፍታታችሁ በፊት አዳምጡት
ስለ ሲንግል ፌዝ ሞተር ብልሽቶች ለጀማሪ ኤሌክትሪሻኖችና ለሞተር ጠጋኞች የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ

ጤና ይስጥልኝ።

ይሄ ጠረጴዛው ላይ የምታዩት የውሃ ፓምፕ ሞተር ነው። ባለቤቱ ተሸክሞት ሲመጣ "ተቃጥሏል፤ ጠቅልልልኝ" ነበር ያለኝ። ሰካሁት። እምምም አለና ቀረ። ቶሎ ነቀልኩት። ሻፍቱን በእጄ ሳዞረው ያለ ምንም ችግር ይዞራል። ካፓሲተሩን፣ ቻርጅ ይዞ ሞተሩን ለማስነሳት የሚያግዘውን ዕቃ፣ ፈትቼ ለካሁ። ላዩ ላይ 20 ማይክሮፋራድ ይላል፤ ቴስተሩ 4 አለኝ። አዲስ አሰርኩለት፤ ተነሳ። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ያ ሞተር ችኩል ሰው እጅ ቢገባ ኖሮ ኮይሉ ተቆርጦ ይወጣ፣ አዲስ ሽቦ ይጠቀለልበት፣ በመጨረሻም ያው የሞተ ካፓሲተር ተመልሶ ይታሰርለት ነበር። ቀልድ አይደለም። እኔ ራሴ ጀማሪ ሳለሁ ሠርቼዋለሁ። ሦስት ቀን የለፋሁበት ሞተር እንደገና እምምም ሲለኝ፣ ሙያውን ልተወው ምንም አልቀረኝም።

በእኛ ሥራ "ተቃጥሏል" የምትለው ቃል ብዙ ጉዳት አድርሳለች። አልነሳ ያለ ሁሉ ተቃጥሏል ይባላል። በእርግጥ የተቃጠለውም ቢሆን ምን እንዳቃጠለው ሳይጠየቅ ይጠቀለላል። ከዚያ በወሩ ተመልሶ ይመጣል። ዛሬ የማወራችሁ ስለነዚህ ሁለት ስህተቶች ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ጥያቄ። ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ለመነሳት ካፓሲተር አያስፈልገውም። በአንድ ፌዝ ብቻ የሚሠራው ሲንግል ፌዙ ለምን ፈለገ? ይሄ በደንብ የገባው ሰው የብልሽቱን ግማሽ ሳይለካ ያውቀዋል።

ብስክሌት ነድታችኋል? ፔዳሉ ልክ ከላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ በሙሉ ክብደታችሁ ብትቆሙበትም ንቅንቅ አይልም። ጉልበት አለ፤ ዙር የለም። ትንሽ ወደ ፊት ገፋ ካደረጋችሁት ግን ይሄዳል። የቆመ ሲንግል ፌዝ ሞተርም እዚያ ነጥብ ላይ ነው ያለው። ዋናው ኮይል የሚፈጥረው መግነጢስ ቦታውን አይለውጥም። እዚያው ቆሞ ይጠነክራል፣ ይደክማል፣ ይገለበጣል፤ በ50 ሄርዝ በሰከንድ 100 ጊዜ። ሮተሩን፣ ማለትም ውስጥ ያለውን የሚዞር ክፍል፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም በእኩል ጉልበት ይጎትተዋል። ሲደመር ዜሮ። ያ የምትሰሙት ማጉረምረም የዚህ ትግል ድምፅ ነው።

አንዴ ከተነሳ ግን ነገሩ ይለወጣል። በሚዞርበት አቅጣጫ ያለው ጉልበት ያይልና ያለ ማንም እርዳታ መዞሩን ይቀጥላል። ስለዚህ ጭንቁ መነሳት ነው። ለዚህ ተብሎ ሁለተኛ ኮይል ይጨመርለታል፤ የማስነሻ ኮይል። ከዋናዎቹ ኮይሎች መካከል ነው የሚቀመጠው። ቦታው መለየቱ ብቻውን አይበቃም፤ የሚገፋበት ሰዓትም መለየት አለበት። ሁለቱ እኩል ሰዓት ከገፉ ያው ፔዳሉ ላይ እንደ መቆም ነው። ካፓሲተሩ የሚያደርገው ይሄንን ነው። የማስነሻው ኮይል ከረንት ከዋናው እንዲቀድም ያደርጋል። ማስነሻው ይገፋል፣ ዋናው ይከተላል፤ መግነጢሱ ይዞራል፣ ሮተሩም ከኋላው።

የሚዞር መግነጢስ የሚለው ሐሳብ ያረጀ ነው። ጣሊያናዊው ጋሊሊዮ ፌራሪስና ኒኮላ ቴስላ ለየብቻቸው ደርሰውበት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1888 በሁለት ወር ልዩነት ይፋ አድርገውታል። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ በመሠረቱ ብዙ አልተለወጠም። የሚበላሽበትም መንገድ እንደዚያው።

እንግዲህ ሲንግል ፌዝ ሲባል አንድ ዓይነት አይደለም። ጀርባውን እዩት። አንድ ጉብታ ካለ አንድ ካፓሲተር አለው፤ ሁለት ጉብታ ካለ ሁለት። ምንም ከሌለ ደግሞ ወይ ካፓሲተሩ የተርሚናል ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ ወይ ጨርሶ ካፓሲተር የሌለው፣ የማስነሻ ኮይሉ በቀጭን ሽቦ ተጠቅልሎ በሬዚስታንሱ ብቻ የሚነሳ ነው። ትንንሽ ፋኖች ላይ ያለው፣ ብረቱ ጥግ ላይ የመዳብ ቀለበት ያለው ዓይነት ካፓሲተርም ስዊችም የለውም። እሱ ካልዞረ ዘይቱ ደርቋል፣ ወይም ኮይሉ ላይ የታሰረው የሙቀት ፊውዝ ሄዷል፤ ሌላ ብዙ ነገር የለበትም። ድሪልና ጁስ መፍጫ ላይ ያለው ባለ ካርቦኑ ሞተር ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ዘር ነው፤ ዛሬ አልነካውም።

ሁለቱን ካፓሲተሮች ግን መለየት ግዴታ ነው። የማስነሻው አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ፕላስቲክ ነው። መጠኑ ትልቅ ነው፤ ከ70 ማይክሮፋራድ ጀምሮ እስከ ብዙ መቶ ይደርሳል። የተሠራው ለጥቂት ሰከንድ ሥራ ነው። ሞተሩ ፍጥነት ሲይዝ ስዊች ያወጣዋል። የመሮጫው መጠኑ ትንሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 60 ማይክሮፋራድ። ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ ሳይወጣ ይሠራል። የማስነሻውን በመሮጫው ቦታ ያሰረ ሰው ቆሞ አይመልከት፤ ይፈነዳበታል።

አሁን ወደ ሕመሙ እንግባ። ሞተሩን ስትሰኩት ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ያቃስታል፣ ወይ ይነሳና ትንሽ ቆይቶ ብሬከር ይጥላል፣ ወይ እየሠራ ይሞቃል።

ዝም ካለ እኔ ደስ ይለኛል። ከረንት አልገባም ማለት ነውና። ከሶኬቱ ጀምራችሁ ወደ ሞተሩ እየለካችሁ ኑ። ሶኬት፣ ብሬከር፣ ማብሪያ፣ ገመድ፣ ተርሚናል። ተርሚናሉ ላይ ሙሉ ቮልት አለ፣ ሞተሩ ግን ትንፍሽ አይልም እንበል። እዚህ ላይ ትንሽ አስቡ። ከሁለቱ ኮይሎች አንዱ ብቻ ቢበጠስ ሌላው ያጉረመርም ነበር። ሁለቱ በአንድ ቀን መበጠሳቸው ብርቅ ነው። ስለዚህ ሁለቱ የሚጋሩትን ነገር ፈልጉ። እሱም የጋራው ሽቦ ወይም የሙቀት መከላከያው ነው።

የሙቀት መከላከያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቁልፉን እስክትጫኑት ይጠብቃል። ሁለተኛው ሲቀዘቅዝ በራሱ ይመለሳል። ይሄኛውን እፈራዋለሁ። አንድ ባልደረባዬ "ሞቷል" ብሎ ከቺንጋው ጋር ሲታገል ሞተሩ ቀዘቀዘለትና ተነሳ። ጣቶቹ ዛሬም አሉ፤ ጥፍሮቹን ግን እንደገና ማብቀል ነበረበት። ዝም ያለ ሞተር መጀመሪያ ከሶኬት ይነቀላል፣ ከዚያ ይነካል።

ካቃሰተ ደግሞ ቶሎ አጥፉት። ከአንድ ሁለት ሰከንድ በላይ አታዳምጡት። ሮተሩ ቆሞ ሳለ የሚስበው ከረንት ሲሠራ ከሚስበው ከ5 እስከ 7 እጥፍ ይሆናል። ሙቀቱ ደግሞ በከረንቱ እጥፍ ሳይሆን በስኩዌሩ ነው የሚያድገው። 6 እጥፍ ከረንት ማለት 36 እጥፍ ሙቀት ማለት ነው። ፋኑም አይዞርም፤ የሚያቀዘቅዝ ነገር የለም። "ቆይ እስቲ ምናልባት ይነሳ ይሆናል" እያልን ነው ደህናውን ሞተር የምናቃጥለው።

ነቀላችሁት? ሻፍቱን በእጃችሁ አዙሩት። ካልዞረ ጉዳዩ የኤሌክትሪክ አይደለም። ኩሽኔታው ነክሷል፣ ወይም ፓምፑ ውስጥ ጠጠር ገብቷል፣ ወይም ወራት ቆሞ ዝጓል። ጭነቱን አላቁና ሞተሩን ለብቻው አዙሩት፤ ማን እንደያዘ ይለያል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሞተሩ የሚያዞረው ዕቃ ሆኖ ይገኛል።

በነፃነት ከዞረ አንድ ቆንጆ ሙከራ አለ። ቺንጋውን አውልቁ። ረዳት ሰው ማብሪያው ጋ ይቁም። ሻፍቱን በእጃችሁ በደንብ አሽከርክሩና እጃችሁን አንሱ። ገና እየዞረ ሳለ ረዳታችሁ ያብራው። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ፍጥነት ከያዘ ዋናው ኮይል ደህና ነው። አጥፉት፤ እስኪቆም ጠብቁ፤ አሁን በተቃራኒው አሽከርክሩት። ወደዚያም ከሄደ ጨዋታው አለቀ። የማስነሻው መስመር የሆነ ቦታ ተቋርጧል። ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው፤ ካፓሲተሩ፣ ስዊቹ፣ የማስነሻው ኮይል። የምጠረጥራቸውም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። እጃችሁን ሻፍቱ ላይ አድርጋችሁ ግን አታብሩ። ገመድ ጠምጥመው የሚስቡም አይቻለሁ፤ ገመዱ ከእጅ ጋር ሲሄድም አይቻለሁ።

ካፓሲተር ከመንካታችሁ በፊት የያዘውን ቻርጅ አራግፉ። በካቻቪቴ ማገናኘት የለመደ ሰው እዚህ ውስጥ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ብልጭታው ያስደስታል፤ ግን ካፓሲተሩንም ካቻቪቴውንም ይጎዳል፣ ዓይንም አይምርም። 20 ኪሎ ኦም የሆነ ባለ 5 ዋት ሬዚስተር ጫፉ ላይ ሽቦ አስራችሁ መሣሪያ ሳጥናችሁ ውስጥ አኑሩ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ያዙበት። ከዚያ በቴስተር ዜሮ መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ብቻ በእጅ ይነካል።

የምትለኩት ካፓሲተር ላዩ ላይ የልዩነት ገደቡን ጽፎላችኋል፤ ለምሳሌ ±5 በመቶ። 20 የተባለው ከ19 በታች ከወረደ ይቀየር። ሆዱ ያበጠውን፣ ዘይት ያለቀሰውን አትለኩትም፤ ይጣላል።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። የቴስተር ባትሪ የሚሰጠው ጥቂት ቮልት ነው። በሱ ደህና ሆኖ ተለክቶ፣ 300 ቮልት ሲያገኝ የሚከዳ ካፓሲተር አለ። የመሮጫ ካፓሲተር ከሆነ ሞተሩ እየሠራ መለካት ይሻላል። ክላምፕ ሜትሩን፣ ሽቦ አቅፎ ከረንት የሚለካውን መሣሪያ፣ በካፓሲተሩ ሽቦ ላይ አድርጉና አምፒሩን አንብቡ። በካፓሲተሩ ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ቮልትም አንብቡ። አምፒሩን በ3183 አባዙ፤ ለቮልቱ አካፍሉ። ይሄ ለ50 ሄርዝ ነው፤ በ60 ሄርዝ 2653 ነው። ለምሳሌ 1.9 አምፒርና 300 ቮልት ካገኛችሁ፣ 1.9 ሲባዛ በ3183 ሲካፈል ለ300፣ 20 ማይክሮፋራድ ገደማ ይመጣል። ደህና ነው ማለት ነው።

"መስመሩ 230 ሆኖ 300 ቮልት ከየት መጣ?" የሚል ካለ ጥሩ ጥያቄ ነው። ኮይልና ካፓሲተር በተከታታይ ሲታሰሩ አንዱ የሌላውን ቮልት ያሳድገዋል። ለዚህ ነው በ230 ቮልት የሚሠራ ሞተር ካፓሲተሩ ላይ 400 ወይም 450 ቮልት ተጽፎ የምታገኙት። በ250 ቮልት የቀየረ ሰው በቅርቡ ይመለስበታል። ቮልቱ ከፍ ቢል ችግር የለውም። ማይክሮፋራዱ ግን ከፍ አይበል። "ትልቅ ካደረግነው ጉልበት ይጨምራል" የሚሉ አሉ። ሲነሳ እውነት ሊመስል ይችላል፤ ሲሮጥ ግን የማስነሻው ኮይል ያለ አቅሙ ከረንት ይሸከማል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ይሞቃል፣ ያረጃል።

ካፓሲተሩ ደህና ከሆነ ወደ ስዊቹ። ስለዚህች ዕቃ ትንሽ ልቆይ፤ ሳትታይ ብዙ ሞተር ያስበላች እሷ ናት። ሻፍቱ ላይ ሁለት ክብደቶችና ስፕሪንጎች አሉ። ሞተሩ ከሙሉ ፍጥነቱ ወደ 75 በመቶ ገደማ ሲደርስ ክብደቶቹ ወደ ውጭ ይወረወራሉ፤ ኮንታክቱ ይከፈታል፤ የማስነሻው መስመር ይወጣል። ሞተሩ ሲቆም ይመለሳሉ።

ይሄ ማለት ስዊቹ ይናገራል ማለት ነው። ባለ ስዊች ሞተር አጥፉና እየቀዘፈ ሲቆም ጆሯችሁን ስጡት። ወደ መጨረሻው "ጠቅ" ይላል። ክብደቶቹ ተመለሱ። ሲነሳም "ጠቅ" አለ፤ እሱ ግን በጩኸቱ መሐል ስለሚጠፋ ልምድ ይፈልጋል። ሲቆም ጠቅ ያላለ ሞተር ወይ ስዊቹ ሲነሳም አልተከፈተም፣ ወይ ተከፍቶ አልተመለሰም። የትኛው እንደሆነ ቀጣዩ መነሳት ይነግራችኋል። ካልተመለሰ ያቃስታል። ካልተከፈተ ይነሳል፣ ግን እያጓራ ነው የሚሮጠው። በሰከንዶች ውስጥ ወይ ብሬከሩ ይወድቃል፣ ወይ የማስነሻው ካፓሲተር ይፈነዳል፣ ወይ ሽታው ይመጣል።

አልተከፈተም ስንል ኮንታክቱ ተበይዶ ሊሆን ይችላል። ስፕሪንጉ ወይም ክብደቱ በቆሻሻና በደረቀ ግሪስ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ያልተከፈተበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ይሄኛው የጠጋኙ ነው። ኩሽኔታ ለመቀየር ሞተሩን ፈታችሁ። ሻፍቱ ላይ ስስ ቀለበቶች ነበሩ። ስትገጥሙ አንዷ ጠረጴዛው ላይ ቀረች፤ ወይም ከግራ ወደ ቀኝ ሄደች። ሻፍቱ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ተንሸራተተ። አሁን የክብደቶቹ ሰሌዳ ወይ ኮንታክቱን አይደርስበትም፣ ወይ አይለቀውም። ኩሽኔታው አዲስ፣ ካፓሲተሩ አዲስ፣ ሞተሩ እምቢ። በዚህ ነገር አንድ ሙሉ ቅዳሜ ጠፍቶብኛል። ከዚያ ወዲህ ስፈታ እያንዳንዷን ቀለበት በቅደም ተከተሏ ሽቦ ላይ እሰካታለሁ።

ደህና፤ እንግዲህ ካፓሲተሩ ፈነዳ እንበል። ቀየርነው። እሱም በሳምንቱ ፈነዳ። ብዙ ሰው "ካፓሲተሩ ፎርጅድ ነው" ይላል። ሊሆን ይችላል። ግን የማስነሻ ካፓሲተር የሚፈነዳው አብዛኛውን ጊዜ መስመር ላይ ስለቆየ ነው። የቆየው ስዊቹ ስላልተከፈተ ነው። ስዊቹ ያልተከፈተው ደግሞ ሁልጊዜ ራሱ ተበላሽቶ አይደለም። ሞተሩ ወደዚያ 75 በመቶ ፍጥነት ሳይደርስ ቀርቶም ይሆናል። ለምን አልደረሰም? ጭነቱ ከበደው፣ ወይም ቮልቱ አነሰው።

የቮልት ነገር ከሁሉ ይበልጥ ይናቃል። የሞተር ጉልበት ከቮልቱ ስኩዌር ጋር ነው የሚሄደው። ቮልቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ ጉልበቱ ወደ 81 በመቶ ይወርዳል። እስቲ አብረን እናስላ። ሞተሩ ከብሬከሩ 50 ሜትር ይርቃል። ገመዱ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ነው። ሄዶ መመለሱ 100 ሜትር ነው፤ ሬዚስታንሱ 1.2 ኦም ያህል። ሞተሩ ሲነሳ 35 አምፒር ቢስብ ገመዱ ብቻውን ወደ 40 ቮልት ይበላል። 230 የነበረው ሞተሩ ጋ ሲደርስ 190 ነው። ጉልበቱ ከ70 በመቶ በታች ወረደ። ሶኬቱ ላይ ብትለኩ ቮልቱ ደህና ነው። ሞተሩ ቆሞ ሳለ ተርሚናሉ ላይ ብትለኩም ደህና ነው። የሚወድቀው በዚያች በመነሻዋ ሰከንድ ነው። ስለዚህ የቴስተሩን ሽቦ ተርሚናሉ ላይ አስራችሁ፣ ሲነሳ ቁጥሩን ተመልከቱ። የላላ ተርሚናል፣ የተቃጠለ ሶኬት፣ ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ፣ ሁሉም በዚህች ሰከንድ ይጋለጣሉ።

ሞተሩ በእርግጥ ተቃጥሎ ከመጣም የተቃጠለውን ኮይል ሳትመረምሩ አትቁረጡት። ብዙ ይነግራችኋል። የማስነሻው ኮይል ብቻ ጠቁሮ ዋናው ቀለሙን ካልለቀቀ፣ ስዊቹ ሳይከፈት ቀርቷል፣ ወይም ሞተሩ በየደቂቃው ሲጠፋ ሲበራ ኖሯል። ዋናው ብቻ ጠቁሮ ማስነሻው ደህና ከሆነ ጭነት ነው፣ ወይም የቮልት ማነስ፣ ወይም አየር ማጣት። ሁለቱም እኩል ከከሰሉ ሮተሩ ተይዞ መብራቱ ሳይጠፋ ቆይቷል። ጠቅላላው ደህና ሆኖ አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ቀልጦ ከተበጠሰ ደግሞ በሽቦዎቹ መካከል ኢንሱሌሽኑ ተጎድቷል፤ እርጥበት ወይም ሲጠቀለል የተፋቀ ሽቦ ይሆናል። እነዚህ ምልክቶች ፍጹም አይደሉም። ግን ባለቤቱን "ምን ነበር የሚያዞረው? ስንት ጊዜ ነበር የሚጠፋው?" ብላችሁ እንድትጠይቁ መንገድ ይሰጧችኋል። አውቶማቲክ ማብሪያው የተበላሸ ፓምፕ በሰዓት ስልሳ ጊዜ ቢነሳ፣ የፈለጋችሁትን ያህል አሳምራችሁ ብትጠቀልሉት ይቃጠላል።

ስለ ሙቀት ባጭሩ። በእጅ ነክቶ "ይሄማ በጣም ሞቋል" ማለት ብዙ አያስኬድም። እጃችን 60 ዲግሪ ላይ አይችልም። መረጃው የተጻፈበት ሰሌዳው ላይ ኤፍ የሚል የኢንሱሌሽን ደረጃ ያለው ሞተር ግን ኮይሉ እስከ 155 ዲግሪ ይችላል፤ ቢ ከሆነ 130። የሞተሩ ቆዳ፣ የውጭ አካሉ፣ 70 ዲግሪ መሆኑ ብቻውን ብልሽት አይደለም። ሰሌዳው ላይ ያለውን አምፒር በክላምፕ ሜትር ከሚለካው ጋር አስተያዩ። ከበለጠ ምክንያቱን ፈልጉ፤ ጭነቱ ከብዶ ወይም የመሮጫው ካፓሲተር ደክሞ ሊሆን ይችላል። አምፒሩ ሳይበልጥ ከሞቀ ደግሞ ፋኑ ተሰብሮ፣ የአየር መግቢያው በአቧራ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ሲንግል ፌዝ ሞተር ባዶውን ሲሮጥ ብዙ ከረንት ይስባል። ጭነት የለውም ብላችሁ ትንሽ አምፒር አትጠብቁ፤ ሰሌዳው ላይ ካለው ብዙም ላይርቅ ይችላል።

ድምፅን በተመለከተ፣ ትንሽ ማጉረምረም የሲንግል ፌዝ ባሕርይ ነው። ብረቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይሳባል። አጥፉትና እየቀዘፈ ሳለ አዳምጡ። መብራቱ በጠፋበት ቅጽበት የጠፋ ድምፅ የኤሌክትሪክ ነው። እየቀነሰ እስከሚቆም የተከተለው የኩሽኔታ ወይም የፋን ነው።

ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሞተር ከመጣ ቀልድ የለም። ሜገር፣ ማለትም የኢንሱሌሽን መለኪያ፣ አምጡና በ500 ቮልት ከኮይል ወደ ቆዳው ለኩ። ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ አይሰካም። ውሃ ገብቶበት ከሆነ ፈታታችሁ በትንሽ ሙቀት ቀስ ብላችሁ አድርቁትና እንደገና ለኩ። ካደገ ተስፋ አለው። የመሬት ሽቦውን ቆርጦ "አሁን መከላከያው አይጥልም" የሚል ጠጋኝ ካያችሁ፣ ከዚያ ሰው ጋር አትሥሩ።

እሺ፤ ጥያቄ ካለ።

አንዲት ልጅ "ጠቅልዬ ገጠምኩት፤ ይሠራል፤ ግን ወደ ኋላ ነው የሚዞረው። ሶኬቱን ገልብጬ ብሰካውም ለውጥ የለም" ብላለች። አይኖረውም እህቴ። ሶኬቱን ስትገለብጪ ሁለቱም ኮይሎች አብረው ይገለበጣሉ፤ በመካከላቸው ያለው ቅደም ተከተል አልተነካም። የማስነሻውን ኮይል ሁለት ጫፎች ብቻ አቀያይሪ። ዋናውን ተይው። በቃ ይዞርልሻል።

እዚያ ከኋላ የተቀመጡት አባት ደግሞ ሰሌዳው የጠፋ፣ ሦስት ሽቦ ብቻ የወጣበት ሞተር አለኝ ብለዋል። የቱ የቱ እንደሆነ በኦም ይለዩታል። ሦስቱን ሽቦ ሁለት ሁለት አድርገው ይለኩ፤ ሦስት ቁጥር ያገኛሉ። ለምሳሌ 4፣ 9 እና 13 ኦም። ትልቁ የሁለቱ ድምር መሆን አለበት። 13 የሰጡት ሁለቱ ሽቦዎች የኮይሎቹ ጫፎች ናቸው፤ ያልተነካው ሦስተኛው የጋራው ነው። ከጋራው ጋር 4 የሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ዋናው፣ 9 የሰጠው ማስነሻው ነው። ድምሩ ካልመጣ የሆነ ቦታ ኮይሎቹ ተነካክተዋል።

"ሁለቱ እኩል ከሆኑስ?" እኩል ከሆኑ እንደ ልብስ ማጠቢያ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ እንዲዞር የተሠራ ነው። ካፓሲተሩ በሁለቱ ጫፎች መካከል ይታሰራል፤ መብራቱ ከጋራውና ከአንደኛው ጫፍ ይገባል። ወደ ሌላኛው ጫፍ ሲያዞሩት አቅጣጫው ይለወጣል። ሞተሩን ይዘውት መጥተዋል? እንግዲያውስ ያምጡት፤ ቴስተሩ እዚሁ ነው፣ አብረን እንለካዋለን።